ያላጨበጨቡት ሴቶች

ትናንት ተሸነፍኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ግን በሕይወቴ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂንካ ውስጥ፣ በእኛ ቀበሌ፣ ከወጣት ማዕከሉ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። እኔና ጓደኞቼ ማንበቢያ ቤት ይሠራበት አልን። እናቶች ደግሞ የጉሊት መሸጫ ዳስ ይሁንልን አሉ። ስብሰባ ተጠራ፣ የፈለገ ሁሉ ተናገረ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ እናቶች አሸነፉ። የገዛ እናቴ ሳትቀር ለዳሱ ነው ድምፅ የሰጠችው። ቤት እንደገባን ሳታፍር ነገረችኝ። "አንቺ ቤትም ታነቢያለሽ፤ ሽንኩርት ግን ዝናብ ላይ አይሸጥም።"

ደስታዬ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ማህተሙን አንስቶ ሊመታ ሲል በግራ በኩል ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች "ይነበብ!" ብለው ጮኹ። ጸሐፊው ተነሥቶ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። "የመሸጫ ዳሱ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። ያልተስማሙ አሉ። ምክንያታቸውም እንደሚከተለው ነው" አለና የእኔን ቃል፣ እኔ እንደተናገርኩት፣ አንድም ሳያስቀር አነበበው። ማህተሙ የተመታው ከዚያ በኋላ ነው።

እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ በመሸነፌ የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት? "ያልተስማሙ አሉ" ለምትል ለዚህች ትንሽ መስመር እኮ ዘጠኝ ቀን ታስሬያለሁ። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስለታሰርኩበት ክፍል እስከ ዛሬ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን እጄ አልያዝ አለኝ።

ያኔ ጉዳዩ የውሃ ቦኖ ነበር። የታችኛው ሰፈር ቦኖ ተነስቶ ወደ ላይ፣ ወደ አስፋልቱ ዳር ይዛወር ተባለ። የቀበሌው ጸሐፊ ያን ቀን ወባ ይዞት ቀረ። እኔ እናቴን ተከትዬ ሄጄ ከኋላ ተቀምጫለሁ። የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር አየኝና "አንቺ ልጅ፣ እጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ ነይ ያዢ" አለኝ። ኩራቴን አትጠይቁኝ! ከፊት ወንበር ተሰጠኝ። ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ ሁሉ አስቀመጡልኝ።

ስብሰባ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ የእኛ ሰው የሚስማማው በጭብጨባ ነው። ሰብሳቢው "ተስማምተናል አይደል?" ይላል፣ ይጨበጨባል፣ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ተብሎ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤ ሁሉ በዚህ ቃል እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም ነበር። ጻፊ የተባልኩት ያየሁትን መስሎኝ፣ ያየሁትን ጻፍኩ። በግራ በኩል ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ነበር። ቆጠርኳቸው። ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ጠብቄ "ለምን አላጨበጨባችሁም?" እያልኩ ጠየቅኳቸው። አንዷ ጉልበቷን ያማታል፣ ጄሪካን ተሸክማ ዳገቱን መውጣትና መውረድ አትችልም። አንዷ ልጆቿ አስፋልት ሲያቋርጡ መኪና ትፈራለች። አንዷ ደግሞ "ማን ጠየቀኝና?" ብላኝ ሄደች። እሱንም ጻፍኩ።

ሊቀመንበሩ ሳያነበው ፈረመ። ማህተሙን አፉ ጋ አስጠግቶ "ሃ" ብሎ ተነፈሰበትና መታው። ወረቀቱ ወደ ላይ ተላከ። ላይ ያለው ቢሮ ግን ለካ ያነባል።

ከክፍል ነው የጠሩኝ። ረቡዕ፣ ሒሳብ ላይ ነበርን። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል፤ አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ ይዞታል። ባጃጅ ውስጥ መሃላቸው አስቀመጡኝ። ባለ ባጃጁ መዝሙር ከፍቶ ነበር፣ እኔን ሲያይ ዘጋው። አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጋ ከብቶች ሲያቋርጡ ቆምን። አንዲት ሙዝ ሻጭ ዩኒፎርሜን አየችና "ምን ሰርቃ ነው?" አለች። ከሁሉም በላይ ያመመኝ እሱ ነው። "ጽፋ ነው" የሚላት ሰው አልነበረም።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል በር ሰማያዊ የተቀባ ቆርቆሮ ነበር። ከሥሩ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት አለው። ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የእርጥብ ብርድ ልብስ፣ የበረኪና፣ የሰው። ቀጥሎ ሙቀቱ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ቀጭ ቀጭ ይላል። ዐይኔ ጨለማውን ሳይለምድ ከላይ አንድ ነገር "ዷ!" አለ። ጮህኩ። ሴቶች ሳቁ።

"ማንጎ ነው" አለች አንዷ። "ውጭ ዛፉ አለ። እሱ ይወድቃል፣ እኛ እንሰማለን፣ እነሱ ይበላሉ።"

ይህችኛዋ ካቦዋ ነበረች። ካቦ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፤ የሚሾሙት ፖሊሶቹ ናቸው። ውጭ ሳለች አረቄ ትሸጥ ነበር። የታሰረችው ጎረቤቷን መትታ ነው፤ በምን እንደመታቻት ግን በየቀኑ ይለያያል። አንድ ቀን በጫማ፣ አንድ ቀን በድስት ክዳን።

"አንቺስ ሚጡ? ምን አድርገሽ ነው?"

"ቃለ ጉባኤ ጽፌ።"

ትንሽ አሰበች። "እኔ ሰው ፈንክቼ ነው። አንቺ ደግሞ ወረቀት ፈንክተሽ!" አለችና በራሷ ቀልድ እስክታስል ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ጸሐፊዋ" ሆነ።

ከእኔ ጋር አምስት ነበርን። ከካቦዋ ሌላ፣ ከመሃል አገር መጥታ ጂንካ ገበያ ውስጥ ልብስ የምትነግድ ሴት አለች፤ ሰላቷን የማታቋርጥ፣ ስለ ክሷ የማታወራ። ከወይጦ የመጣች፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ነፍሰ ጡር አለች፤ እሷን የያዟት ባሏን ሲያጡት ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ደግሞ ከሐና ከተማ በኩል የመጣች ናት፤ እሷን የያዟት ልጇን ሲያጡት ነው። የሐናዋ እናት አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። "በራሳችን ጥፋት የገባን እኔና ጸሐፊዋ ብቻ ነን" ትል ነበር ካቦዋ።

በማግስቱ መርማሪው በረንዳ ላይ አስጠራኝ። መነጽር የሚያደርግ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ባዶ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ።

"ልጄ፣ እኔም ልጅ አለኝ። እንደገና ገልብጪው። 'በሙሉ ድምፅ ጸደቀ' በይ፣ የፊተኛው በስህተት ነው ብለሽ ፈርሚ፣ አሁኑኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሰኞ ፈተና አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"እና?"

"አላጨበጨቡም እኮ።"

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አይቻለሁ።"

መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። "እስከ ሰኞ ጠዋት አስቢበት" አለ።

እውነቱን ልናገር፤ ልፈርም ወስኜ ነበር። ጀግና አልነበርኩም። ፈተናው ካመለጠኝ ክፍል እደግማለሁ። ደግሞ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምንፈተነው ምን መሰላችሁ? ሥነ ዜጋ። ዴሞክራሲ ምን እንደሆነ በነጥብ በነጥብ ሸምድጄ ጨርሼ ነበር። ስለዚህ ለራሴ ነገርኩት፤ ሰኞ ጠዋት እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ሮጬ ፈተናው ላይ እደርሳለሁ።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ትልቁ ሀብት ነፋስ ነበር። ነፋስ ያለው በሩ ሥር ብቻ ነው። በሩ ሥር ማን እንደሚተኛ የምትወስነው ካቦዋ ናት፣ ቦታውም የልብስ ነጋዴዋ ነበር። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከነጋዴዋ ቤት የሚመጣው ምሳ ለካቦዋም ይተርፍ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ከግድግዳው ጥግ፣ ሙቀቱ በሚተኛበት በኩል ነው ያለችው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ እዚያው ተዝለፈለፈች። ውሃ ረጨንባት፣ በነጠላ አራገብንላት፣ ዐይኗን ገለጠች። ማንጎ ወደቀ።

የሐናዋ እናት ተነሣች። ከጥግ መጥረጊያውን አነሳች፤ በዚያ በኩል ከሚበቅል ሣር የታሰረ፣ እጀታው ረጅም መጥረጊያ ነው። ልትጠርግ መስሎን እግራችንን ሰበሰብን። እሷ ግን እንደ ጦር ይዛ መሃል ላይ ቆመች።

"የእኛ አገር ስብሰባ፣ እንጨት የያዘ ሰው ይናገራል" አለች። "ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይናገራል። ሌላ ሰው ዝም። እሱ ሲቀመጥ ሌላ ይነሣል። ዝናብ ከመጣ ነገ ይቀጥላል።"

"ሴትም እንጨት ይይዛል?" አለቻት ካቦዋ፣ አነጋገሯን እየቀዳች።

"ሴት ከኋላ ይቀመጣል። ይሰማል። ቤት ሲገባ ለባሉ ይናገራል። ነገ ባልየው ተነሥቶ ያንኑ ይናገራል።" ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። "እዚህ ባል የለም።"

"መጥረጊያ አለ!" አለች ካቦዋ።

ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት እርምጃ ነው። የሐናዋ እናት ሦስት ሄደች፣ ዞረች፣ ሦስት ተመለሰች። "ይሄ ልጅ ሁለት ነፍስ ነው። በር ጋ ይተኛ። ጨረስኩ" አለችና መጥረጊያውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

ለረጅም ጊዜ ማንም አላነሣውም። በኋላ የልብስ ነጋዴዋ አነሣችው። አልተራመደችም፣ ተደግፋው ቆመች። "ጥጋብ መስሏችኋል አይደል?" አለች። "አስም አለብኝ። ያን ጥግ አንድ ቀን ሞክሬው ነበር፣ አንቆ ሊገድለኝ ነበር። የሚጠይቀኝ ስለሌለ ነው ያልተናገርኩት።" ያን ያህል ቀን አብረዋት የከረሙት እንኳ አያውቁም ነበር። አፈርን።

ካቦዋ ቀጠለች። እሷስ ተራመደች! መጥረጊያውን እያወዛወዘች፣ "ቦታ የምሰጥ እኔ ነኝ። ዛሬ ቦታ ስትነጥቁኝ ዝም ካልኩ፣ ነገ እኔኑ ታወርዱኛላችሁ። ሥርዓት ይፈርሳል!" አለች።

ነፍሰ ጡሯ ተራዋ ሲደርስ መጥረጊያውን ያዘችና ካቦዋን አየቻት። "እኔ ምንም አልልም" ብላ መለሰችው።

ያኔ ነው እኔ የተነሣሁት። መጥረጊያውን ያዝኩ። "ድምፅ እንስጥ" አልኩ። "ግን ሳንተያይ።" እናቴ ያመጣችልኝ ንፍሮ በፌስታል ተቀምጧል፤ በቆሎና ቦሎቄ። በቆሎ ከሆነ ነፍሰ ጡሯ በር ጋ ትተኛለች፤ ቦሎቄ ከሆነ እንዳለ ይቀጥላል። የውሃውን ጆግ በነጠላ ሸፈንነው። አንድ በአንድ እጃችንን ከነጠላው ሥር ሰደን አንዳንድ ፍሬ ጣልን። የተረፈውን ንፍሮ እየበላን ጆጉን ገለበጥነው።

ስድስት ፍሬ ሆነ።

አምስት ሰው፣ ስድስት ፍሬ። ካቦዋ ብድግ አለች። "እዚህም? እዚህ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠንም ይጭበረበራል?" ሁላችን ተያየን። የሐናዋ እናት ምንም ሳትደነግጥ እጇን አወጣች።

"እኔ ሁለት ጣልኩ። አንዱ የእኔ። አንዱ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ።"

"ያልተወለደ ሰው ድምፅ ይሰጣል እንዴ?"

"ነፋስ የሚፈልገው ማን ነው? እሱ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው የልብስ ነጋዴዋ ናት። "አላህ ይወቅልሽ፣ ገና ሳይወለድ አስመዘገብሽው!" ከዚያ ሁላችን፣ ነፍሰ ጡሯም ሆዷን ይዛ። ዘቡ በሩን በዱላ እስኪመታው ድረስ ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩን በቁም ነገር አየነው፣ መጥረጊያውም ዞረ። አንድ በቆሎ እንዲሰረዝ ተስማማን። ሦስት በቆሎ፣ ሁለት ቦሎቄ ቀረ።

ሲፈትሹኝ ያላገኟት የእርሳስ ቁራጭ በዩኒፎርሜ ኪስ ነበረች። በሳሙና ካርቶን ጀርባ ጻፍኩ። "አንድ ድምፅ ተሰርዟል። ምክንያት፦ ባለ ድምፁ ገና አልተወለደም።"

ካቦዋ አናቴ ላይ ቆማ ነበር። "እኔንም ጻፊኝ!" አለች። "ተሸንፌያለሁ፣ እሺ። ግን ካቦዋ አልተስማማችም በይ። ሥርዓት ይፈርሳል ብላለች በይ። የዚችንም ነጋዴ ደረት ጻፊ።" ጻፍኩ። "አንብቢው" አለች። አነበብኩት። የራሷን ቃል ከካርቶን ላይ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ሰው ፎቶው አምሮ ሲወጣለት እንደሚሆነው ሆነች። "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት።

ከዚያ ማንም ሳያዛት የነጋዴዋን ፍራሽ ከበሩ ሥር አነሣችና ተሸከመችው። የተቃወመችው እሷ ናት፣ የተሸከመችውም እሷ። በማግስቱ ደግሞ ፀሐዩ ሲያይል "የዚህች ደረት ተጽፏል እኮ" ብላ ነጋዴዋ ከቀትር እስከ አስር በሩ ጋ እንድትቀመጥ አደረገች። ነፍሰ ጡሯም ተጠግታ ቦታ ለቀቀችላት። ነፋሱ ለሁለቱም በቃ። ያልተጻፈ ቢሆን ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?

ሸምድጄው ከነበረው ነጥብ ሁሉ አንዱም ይህን አይልም። ብዙ እጅ ያሸንፋል፣ እሺ። ያነሰው እጅ ግን ወዴት ይሂድ? ቃሉ ተነብቦለት የተሸነፈ ሰው ፍራሽ ይሸከማል። ቃሉ የተዋጠበት ሰው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚሰብርበትን ቀን።

እሑድ እናቴ መጣች፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ ይዛ። በአጥሩ ሽቦ በኩል ነው የምንነጋገረው። ዘቡ አጠገባችን ቆሟል።

"ልጄ፣ ጻፊላቸው። ሁለት ቃል ናት።"

"እማ፣ አንቺ ራስሽ ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ነሽ።" እውነት ነው። ጉልበቷን የሚያማት ያቺ ሴት እናቴ ናት። "አጨበጨበች ብዬ ልጻፍ?"

"አጨብጭባለች በይ! ምን አገባሽ!"

"አላጨበጨብሽም።"

"አጨብጭቤያለሁ!" አለችና መጽሐፍ ቅዱሷን በክርኗ አጥብቃ፣ ሽቦው ፊት ለፊት እጇን ማጨብጨብ ጀመረች። "ይኸው! ይኸው አጨበጨብኩ! አየሽ? በቃ፣ ጻፊው!" እንባዋ እጇ ላይ ይወርዳል፣ እሷ ታጨበጭባለች። ዘቡ ፊቱን ወደ ማንጎው ዛፍ አዞረ።

ያን ጭብጨባ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ልፈርም የነበረውን ሐሳብ ያጠፋብኝ እሱ ነው። ሰው እንዲህ እያለቀሰ ያጨበጨበውን "በሙሉ ድምፅ" ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ወረቀቱን ሰጠኝ። በዚያች ሰዓት ጓደኞቼ ሥነ ዜጋ እየተፈተኑ ነው። በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ መስመር ሳላጣምም፣ ካለኝ ሁሉ ባማረው እጅ ጽሑፌ ጻፍኩ። ቀኑን፣ አጀንዳውን፣ የሊቀመንበሩን ንግግር። ከዚያ አሥራ ዘጠኙን ሴቶች፣ ከነምክንያታቸው፣ የፊተኛው ላይ እንዳለ። ሁሉንም በቃሌ አውቀው ነበር። ከሥሩ ፈረምኩና በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከሰዎቹ ሁሉ ያን ወረቀት ፊቴ ቆሞ እስከ መጨረሻው ያነበበ እሱ የመጀመሪያው ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"'ማን ጠየቀኝና' ያለችው ማን ናት?"

"ስም አልጻፍኩም ጋሼ።"

"አዎ፣ አልጻፍሽም" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። "ወደ ክፍልሽ ተመለሺ።" ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ጠራኝ። ከበረንዳው ሥር የወደቀ ማንጎ አንሥቶ በሱሪው ጠርጎ ሰጠኝ። "ለነዚያም አካፍያቸው።"

አንድ ማንጎ ለአምስት። ለዚህ ስብሰባ አላስፈለገንም፤ ፍሬውን ለነፍሰ ጡሯ ሰጥተን ልጣጩን እየጠባን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማንጎ በልቻለሁ። እንደዚያኛው የጣፈጠኝ የለም።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ለቀቁኝ። ዕቃዬን ስረከብ የሚፈረም ወረቀት ሰጡኝ፣ አንድ ደብተርና አንድ ቀበቶ የሚል። "ዝም ብለሽ ፈርሚ" አለኝ ተረኛው። "ላንብበው" አልኩ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ፈረምኩ። ከጀርባዬ፣ ከሰማያዊው በር ሥር፣ ካቦዋ "ጎበዝ ጸሐፊዋ!" ብላ ጮኸች።

ክፍል ደገምኩ። ቦኖውም ተዛወረ፤ እስከ ዛሬ አስፋልቱ ዳር ነው፣ እናቴም ዳገቱን እየወጣች ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፍ አሸነፍን ማለቴ እንዳልሆነ እወቁልኝ። ግን እነዚያ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለመዱ። በየስብሰባው፣ ቃለ ጉባኤው ፊታቸው ካልተነበበ አያጨበጭቡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፣ በቃ። አንድ ሊቀመንበር ተናደደ፣ አንዱ ሳቀባቸው፣ የአሁኑ ግን አነበበ። የትናንቱ ነገር ከዚያ ነው የመጣው።

የወይጦዋ ነፍሰ ጡር ሴት ልጅ ወለደች። ድምፅ የተሰረዘባት ልጅ ዛሬ ትሮጣለች አሉ። የልብስ ነጋዴዋ ሱቅ ስሄድ ወንበር ታወጣልኛለች፤ ስለዚያ ክፍል ግን ዛሬም አታወራም፣ እጄን ብቻ ጨበጥ ታደርጋለች። የሐናዋን እናት ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ስልክ የላትም። ወደ ሐና የሚሄድ መኪና ባየሁ ቁጥር ሾፌሩን ጠጋ ብዬ "እንዲህ ያለች ትልቅ ሴት ካየህ ጸሐፊው ሰላም ይልሻል በልልኝ" እላለሁ። "ጸሐፊው" ነው የምለው፣ እሷ እንደምትለው። ሾፌሮቹ ይስቁብኛል። ጎበዝ፣ ናፍቃኛለች። ያ ጠባብ ክፍል እንኳ ይናፍቀኛል ብል ታምኑኛላችሁ? ሽታው አይደለም፣ ሙቀቱ አይደለም። መጥረጊያው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቀጥሎ ማን ያነሣው ይሆን ብለን የምንጠብቃት ያቺ ጸጥታ ናት።

ትናንት ስብሰባው ሲበተን ካቦዋ በሰው መሃል እየገፋች መጣች። አሁን አረቄውን ትታ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ለዳሱ ከሁሉ በላይ የጮኸችው እሷ ናት። ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ፣ "ጸሐፊዋ! ዛሬ ፍራሹ ያንቺ ነው!" አለችኝ። ከእኔ በቀር ማንም አልገባውም።

ስለዚህ ፍራሼን ልሸከም ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከወጣት ማዕከሉ ጀርባ የዳሱን ምሰሶ እንተክላለን። ጉድጓድ የምቆፍረው እኔ ነኝ፤ አካፋ ከጎረቤት ተውሻለሁ። ጂንካ ያላችሁ ሁሉ ኑ። ንፍሮ እናቴ ትቀቅላለች። ዳሱን የደገፋችሁ ኑ፤ ያልደገፋችሁ ደግሞ ይልቁንም እናንተ ኑ፣ ምክንያታችሁንም ይዛችሁ። እርሳስ አለኝ።